የልጆች ሚዛን፥ ንባቡና ትርጓሜው



ልጆችን መመዘንና መለካት የሐኪም ቤት ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ወደ ትምህርት ቤት ቅጥር፥ ከዚያም አልፎ በየኪሳችን ወደያዝነው ስልክ ከገባ ወዲህ፥ ብዙ አባትና እናት የልጁን ኪሎና ቁመት አስገብቶ በቅጽበት አንድ ቍጥር እንደሚቀበል፥ ያም ቍጥር ከፍ ያለ ሲመስለው እንደሚደነግጥ፥ ዝቅ ያለ ሲመስለው እንደሚያዝን፥ ዳሩ ግን ቍጥሩ ምን እንደሚል ሳይረዳ እንደሚቀር ስላየሁ፥ የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች ስለ ልጆች ጤና እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህንኑ አንዱን ነገር፥ ቢኤምአይ እየተባለ የሚጠራውን የክብደትና የቁመት ምጣኔ፥ ለማስረዳት ወሰንሁ።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው ንባብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፥ ትርጓሜም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ዳዊት የደገመ ተማሪ ሁሉ ምሥጢሩን ያውቃል ማለት አይደለም፤ ያንን ለማግኘት ወንበር ዘርግቶ ከተቀመጠ መምህር እግር ሥር ብዙ ዘመን መቀመጥ አለበት። ቢኤምአይም በልጅ ላይ ሲሆን እንዲሁ ነው። ለጐልማሳ ሰው ንባቡና ትርጓሜው ይቀራረባሉ፤ ለልጅ ግን ቍጥሩ ንባብ ብቻ ሆኖ፥ ትርጓሜውን የሚሰጡት ዕድሜው፥ ፆታው፥ ካለፈው ጊዜ ልኩ ጋር ያለው ዝምድና፥ በእኛ አገር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ቁመቱ ናቸው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ይህንኑ ማብራራት ነው።

የዚህ ልክ አባት ሐኪም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1796 ዓ.ም. በጌንት ከተማ የተወለደው ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበረ፤ የሰማይ አካላትን አካሄድ በቍጥር የሚከታተልበትን ጥበብ ወደ ሰው ልጅ መልሶ፥ የሰው ቁመትና ክብደት በምን ሕግ እንደሚጓዙ ሊመረምር ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1835 ዓ.ም. ባሳተመውም መጽሐፍ፥ እድገታቸውን በፈጸሙ ሰዎች ዘንድ ክብደት የሚጨምረው በቁመቱ ልክ ሳይሆን ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ መሆኑን አስታወቀ። አሳቡ ወፍራሙን ከቀጭኑ ለመለየት አልነበረም፤ የሕዝብን ማእከላዊ ጠባይ በቍጥር ለመግለጽ ነበረ። እንደዚያ ሆኖ የኖረውን ምጣኔ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. አንሰል ኪስ የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር መርምሮ ዛሬ የሚጠራበትን ስም አወጣለት፤ ከዚያ በኋላ ነው በየሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የወጣው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው አዘውትሮ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ኬትሌ ራሱ ይህን ሕግ ለጐልማሶች ሲያወጣ፥ ገና በማደግ ላይ ስላሉት ልጆች ግን ሕጉ እንደማይሠራ፥ የእነርሱ ክብደት ከዚያ በበለጠ ፍጥነት እንደሚጨምር ጨምሮ መጻፉ ነው። ዛሬ በስልኩ ላይ የልጁን ኪሎ ጽፎ የጐልማሳ ፍርድ የሚቀበለው አባት፥ ጠበብት ከመቶ ዘጠና ዓመት በፊት ያስጠነቀቁትን ስሕተት ይፈጽማል ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቁመትን በሜትር ጽፎ በራሱ ማባዛት፥ ክብደትንም በኪሎ ጽፎ ለዚያ ማካፈል ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ38 ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቱ 35.2 ኪሎ የሆነ አንድ የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ ብንወስድ ውጤቱ 18.5 ይሆናል። ይህን ቍጥር ለጐልማሳ የተሠራ ሰንጠረዥ ብታሳዩት የመክሳት ድንበር ነው ይላችኋል፤ ለጐልማሳ ከ18.5 በታች ክሳት፥ ከ25 ጀምሮ ክብደት መብዛት፥ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነውና። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ከአምስት እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች ያወጣውን ሰንጠረዥ ብታሳዩት ግን፥ ያው 18.5 አሥር ዓመት ለሞላው ወንድ ልጅ ከመካከለኛው ልክ ወዲያ፥ የክብደት መብዛት ደጃፍ ሆኖ ይገኛል። መካከለኛው 16.4፥ የመክሳትም ድንበር 13.7 ነው። አንዱ ቍጥር ለአባትየው ክሳት፥ ለልጁ ውፍረት ሆነ፤ እናት ልጄ ከሳብኝ ብላ ቅቤና ማር የምትጨምረው ምናልባት በዚህ ቀን ይሆናል።

ይህ ለምን ሆነ ያልን እንደ ሆነ፥ የሕፃን ገላ በየዘመኑ መልኩን የሚለውጥበት ሕገ ጠባይ ስላለው ነው። የወንድ ልጅ መካከለኛ ልክ አንድ ዓመት ሲሞላው 16.8 ገደማ ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ እየወረደ ሄዶ በአምስትና በስድስት ዓመቱ ላይ ወደ 15.3 ይደርሳል፤ ያ የጉንጩና የጭኑ ሥጋ የሚቀልጥበት፥ እግሩ የሚመዘዝበት፥ ጎረቤት ሁሉ «ምነው ይህ ልጅ ከሳ» የሚልበት ዘመን ነው፤ ብዙ ጊዜም ልጁ አንዳች ነገር አልጐደለበትም። ከዚያ ደግሞ መስመሩ ተመልሶ ወደ ላይ ይነሣና በአሥር ዓመቱ 16.4፥ በአሥራ አምስት ዓመቱ 19.8 ይደርሳል፤ በ19 ዓመቱም የክብደት መብዛት ድንበሩ ከጐልማሳው ከ25 ጋር ሊገጥም ምንም ያህል አይቀረውም። ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ማሪ ፍራንሷዝ ሮላን ካሸራ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. እንዳሳየችው፥ ይህ መስመር ከዝቅተኛው ስፍራው ተመልሶ የሚነሣው ከጊዜው ቀድሞ፥ ለምሳሌ ገና በሦስትና በአራት ዓመቱ የሆነ እንደ ሆነ፥ ልጁ ኋላ በውፍረት የመያዙ ነገር ከሌሎቹ ይልቅ ያሰጋል። እንግዲህ በዚያ ዕድሜ ድንቡሽቡሽ እያለ የሚሄደውን ልጅ ሁሉም ሲያደንቀው፥ አንድ ሐኪም ዝም ብሎ መስመሩን ቢመለከት ክፉ ሰው አይደለም።

ፆታም እንዲሁ ትርጓሜውን ይለውጠዋል። ሴት ልጅ ወደ ጕርምስና የምትገባው ከወንዱ ሁለት ዓመት ያህል ቀድማ ነው፤ በዚያም ዘመን ጠባይዕ ለእርስዋ ስብን፥ ለእርሱ ጡንቻን አብልጦ ይሰጣል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው ወንድምና እኅት ቢሆኑና የሁለቱም ልክ 23 ቢሆን፥ እኅት በጤናው ክልል ውስጥ ትሆናለች፥ ወንድም ድንበሩን አልፏል፤ የእርሱ ድንበር 22.7፥ የእርስዋ 23.5 ነውና።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ዐይነት ግራ መጋባት ይደርስባቸዋል። በዚያ አገር ሐኪሙ ለወላጅ የሚነግረው ቢኤምአዩን ብቻ ሳይሆን ፐርሰንታይል የሚባለውን ነው፤ ይኸውም በዕድሜና በፆታ ከሚመስሉት መቶ ልጆች መካከል ልጁ ስንቱን እንደሚበልጥ የሚያሳይ ቍጥር ነው። የአገሪቱ የበሽታ መቈጣጠሪያና መከላከያ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት፥ ከአምስተኛው በታች የሆነ ክብደቱ አነሰ፥ ከ85ኛው ጀምሮ ክብደቱ በዛ፥ ከ95ኛው ጀምሮ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያዘው ይባላል። የእኛ ሰው ግን ከመቶ ስንት አመጣህ እየተባለ ያደገ በመሆኑ፥ ዘጠና ስድስት ሲባል ደስ ይለዋል፥ ዐሥራ ሁለት ሲባል ልጁ የወደቀ ይመስለዋል። በውነቱ ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ያለ፥ ሁልጊዜም እዚያው መስመር ላይ የሚጓዝ ልጅ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳስበው ባለፈው ዓመት ሃምሳኛው ላይ ነበረና ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛው ላይ የተገኘው ነው፥ ወይም በአንጻሩ ከሃምሳ ተነሥቶ ወደ ዘጠና የወጣው ነው። በዚህ ላይ ሁለቱ ሰንጠረዦች ራሳቸው አይስማሙም፤ ልኩ 19 የሆነ የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ በአሜሪካው ሰንጠረዥ፥ 85ኛው መስመር በዚያ ዕድሜ 19.4 ገደማ ስለ ሆነ፥ ጤነኛ ተብሎ ይሸኛል፤ በክረምት አዲስ አበባ አያቱ ዘንድ መጥቶ በዓለም የጤና ድርጅት ሰንጠረዥ ቢለካ ክብደቱ በዝቷል ይባላል። ልጁ በአውሮፕላን ላይ አልወፈረም። ወላጅ የሆነ ሰው በየትኛው ሰንጠረዥ እንደ ተለካለት መጠየቅ ይገባዋል፤ ከዓመት ዓመትም በአንዱ መጽናት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን፥ ወደ ቁመት እንመለስ። ሁለት የአሥር ዓመት ወንዶች ልጆች በአንድ ወንበር ላይ ጐን ለጐን ተቀምጠዋል እንበል። የአንደኛው ቁመት 1 ሜትር ከ38፥ ክብደቱም 31.2 ኪሎ ነው፤ የሁለተኛው ቁመት 1 ሜትር ከ22፥ ክብደቱ 24.4 ኪሎ ነው። የሁለቱም ቢኤምአይ ሲሰላ 16.4 ይመጣል፤ ማለትም ከመካከለኛው ልክ ዝንፍ አላሉም። ቢኤምአይን ብቻ የሚያነብ ሰው ሁለቱም ደኅና ናቸው ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል። ነገር ግን አሥር ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመቱ 1 ሜትር ከ38፥ የመቀንጨርም ድንበሩ 1 ሜትር ከ25 ገደማ ስለ ሆነ፥ ሁለተኛው ልጅ የተቀነጨረ ነው፤ በሕፃንነቱ ለብዙ ጊዜ ምግብ ጐድሎበት ወይም ተቅማጥና ሌላ ሕመም ተመላልሶበት፥ ገላው ቁመትንም ክብደትንም አብሮ ቀንሶ ተቀምጧል። ላይኛውም ታችኛውም እኩል ስላነሱ ምጣኔው ምንም እንዳልሆነ ያህል ጸጥ ይላል። ቢኤምአይ የሚያየው ዛሬን ነው፤ የትናንቱን ረኃብ የሚመሰክረው ቁመት ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ነገሩ በእኛ ዘንድ ጥቂት ልጆችን ብቻ የሚነካ ባለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ መቶ ልጆች ሠላሳ ስምንቱ የተቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የተደረገውም ሠላሳ ሰባት አግኝቷል። እነዚያ ልጆች ናቸው ዛሬ በየክፍሉ የተቀመጡት። አንዳንድ ሰው «እኛ በዘራችን አጭር ነን፥ ልኩ የፈረንጅ ነው» ሲል እሰማለሁ፤ ይህ ስሕተት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ያወጣው ልክ በብራዚል፥ በጋና፥ በህንድ፥ በኖርዌይ፥ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናትን ለክቶ የተገኘ ነው፤ የእናት ጡት የጠቡ፥ በቂ ምግብና ንጹሕ ኑሮ ያገኙ ሕፃናት በስድስቱም አገሮች ቁመታቸው ተቀራርቦ ተገኝቷል። ትንሹን ልጅ አጭር ያደረገውን ዘር ነው ብለን ብናልፈው፥ ለድኽነት የዘር ሐረግ መስጠታችን ነው። የተቀነጨረው ልጅ ደግሞ ከተማ ገብቶ ርካሽ ዘይት፥ ስኳርና ለስላሳ መጠጥ ሲያገኝ፥ ቁመቱ ሳይከተለው ክብደቱ ፈጥኖ ስለሚነሣ፥ የጥጋብና የረኃብ በሽታ በአንድ ገላ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

ትርጓሜው ሁሉ በዕድሜ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ዕድሜን ማወቅ ግድ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ብዙ ድካም አለብን። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች መካከል ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። እናት የልደቱን ቀን ስትጠየቅ «ለጥምቀት ማግሥት ነው»፥ «ፍልሰታ ሊያዝ ሲል ነው» ትላለች፤ ይህ እጅግ ደግ ምስክር ነው፥ ወሩን ያስረዳልና፤ ዓመቱ ላይ ግን ትጠራጠራለች። ስልክ የያዘው ወላጅም ሌላ ወጥመድ አለበት፤ የልጁን የልደት ዓመት በእኛ አቈጣጠር ሲጽፍ መሣሪያው በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፈ መስሎት ልጁን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ የአሥር ዓመቱ ሕፃን የ18 ዓመት ጐበዝ ሆኖ ይፈረድበትና «እጅግ ከስቷል» የሚል መልስ ይመጣል። ሁለቱንም ቀን በአንድ አቈጣጠር መጻፍ ነው መድኃኒቱ።

ስለ አለካኩ ጥቂት ልበል። ቁመት በራሱ ስለሚባዛ በቁመት ላይ የተሠራች ትንሽ ስሕተት በውጤቱ ላይ እጥፍ ትሆናለች። 22 ኪሎ የሚመዝን፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ልጅ ልኩ 15.3 ነው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተረከዝ ባለው ጫማ ቢለካ 14.8 ይሆናል። ስለዚህ ጫማ ይውለቅ፥ ሹራብና ጃኬት ይውለቅ፥ ኪስ ውስጥ ያለው ብይም ይውጣ፤ ተረከዝ፥ ቂጥና ትከሻ ግድግዳውን ይንኩ፥ ዐይን ፊት ለፊት ይመልከት። ለበዓል የተሠራች ልጅ ሹሩባዋ ዐናቷ ላይ ተቈልሎ እንደ ሆነ ሰሌዳው በጠጕሩ ላይ ሳይሆን በራስ ቅሏ ላይ ማረፍ አለበት፤ ለዚህም እናትየው ከመምጣቷ በፊት ቢነገራት መልካም ነው፥ የሠሪዋን ድካም ማፍረስ ለማንም ደስ አይልምና። ሰው ከጧት ይልቅ ማታ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያጥር የመለኪያው ሰዓትም አንድ ቢሆን ይመረጣል።

በትክክል ተለክቶም ቢሆን ይህ ልክ የማያያቸው ነገሮች አሉ። ስብን ከጡንቻ አይለይም፤ ኳስ ሲጫወት የሚውል ጠንካራ ልጅ ወፍራም ሊባል ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በምግብ እጥረት ገላው ያበጠ ሕፃን ነው፤ በገላው ያቈረው ውሃ ሚዛኑን ያታልላል፤ እርሱን የሚያጋልጠው በሁለቱም እግሮቹ ጀርባ ላይ በአውራ ጣት ጥቂት ጊዜ ተጭኖ ሲለቀቅ ተሰርጕዶ የሚቀረው ምልክት ነው፤ ይህ የታየበት ልጅ ኪሎው ምንም ይሁን ምን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። የአርብቶ አደር ልጆች ደግሞ እግራቸው ረጅም፥ ደረታቸው አጭር በመሆኑ፥ ክብደትን በቁመት የሚመዝን ልክ ሁሉ ከእውነቱ ይልቅ አክስቶ እንደሚያሳያቸው በአገራችን የተደረገ ጥናት አመልክቷል፤ በእነርሱ ዘንድ የክንድ ዙሪያን መለካት የተሻለ ምስክር ነው።

ልኩን ስለ መናገር ደግሞ አንድ ያየሁትን ላውራ። ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት፥ ልጆች በሰልፍ ቆመው አንድ በአንድ ሚዛን ላይ ሲወጡ፥ የሚመዝነው ሰው ኪሎውን ጮኾ ለሚጽፈው ይነግር ነበር፤ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ተራዋ ሲደርስ የደብተር ቦርሳዋን በሆዷ ላይ እንዳቀፈች ወጣች፤ አስቀምጪ ሲሏት እንቢ አለች፤ ሰልፈኛው ሳቀ፥ ሳቁንም ማንም አልገሠጸም። ያ ሚዛን ያን ቀን ምንም አልለካም። በእኛ ባህል «ወፍረሃል» ማለት ምስጋና፥ «ከስተሃል» ማለት የፍቅር ጭንቀት ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ ግን በጕርምስና ያለች ልጅ ሁለቱንም እንደ ስድብ ልትሰማው ትችላለች፤ ምግብ እስከ መተውም ሊያደርሳት ይችላል። ልኩ በመጋረጃ ውስጥ ይለካ፥ ለወላጅ በታሸገ ወረቀት ይድረስ።

መስመሩ ወደ ላይ ያመለጠ ልጅ እንዲራብ አይፈረድበትም፤ ገና የሚያድግ ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ እንዲደርስበት መጠበቅ ይበቃል፤ የስኳር መጠጡን ትቶ፥ ከስክሪኑ ተነሥቶ እንዲሯሯጥ፥ ቤተሰቡም ሁሉ አብሮት እንዲበላና እንዲንቀሳቀስ ነው የሚያሻው፤ ለእርሱ ብቻ የተለየ ሳሕን ማቅረብ ቅጣት ነው። መስመሩ ወደ ታች የወረደ ልጅ ደግሞ የሆድ ትል፥ የሳንባ ነቀርሳ፥ ወይም ሌላ ስውር ሕመም እንዳለበት ይመርመር፤ በዐቢይ ጾም የሚጾም ታዳጊ ከሆነም ወላጁ ከንስሓ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላትና።

የማሳስባችሁ ጥቂት ነው። ወላጆች፥ በመጪው መስከረም ልጆቻችሁን ስታስመዘግቡ የተወለዱበትን ቀን፥ ወርና ዓመት ጽፋችሁ ስጡ፤ የዛሬውንም ልክ ካለፈው ልክ ጋር በአንድ ደብተር አኑሩት። መምህራን፥ በየመንፈቁ ከክብደቱ ጋር ቁመቱም እንዲለካና እንዲጻፍ አድርጉ፤ ትምህርት ቤታችሁም ከሚዛኑ አጠገብ፥ በግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ የተመታ የቁመት መለኪያ ከሌለው፥ ሌላ ሚዛን ከመግዛቱ በፊት እርሱን ያሠራ።